የጥናት ማስታወሻ አያያዝ፤ በተለይም ስለ አማራጭ የኃይል ምንጮች

በአሁኑ ጊዜ በዩኒቨርሲቲያችን ውስጥ ስለ አማራጭ የኃይል ምንጮች የማይጽፍ የትምህርት ክፍል የለም ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። የምህንድስናው ተማሪ ስለ ነፋስ፣ የጂኦሎጂው ስለ ከርሰ ምድር እንፋሎት፣ የኢኮኖሚክሱ ስለ መብራት ታሪፍ፣ የሶሲዮሎጂው ደግሞ ማገዶ ተሸክመው ከእንጦጦ ስለሚወርዱት ሴቶች ያጠናል። ሁሉም ማስታወሻ ይይዛል። ሰኔ ሲደርስ ጽሑፉ ለመምህሩ ይሰጥና ማስታወሻው ከአልጋ ሥር ካለው ካርቶን ይገባል። ክረምቱ አልፎ ካርቶኑ ሲፈለግ ግማሹ በዝናብ ረጥቷል፣ ግማሹም የቆሎ መጠቅለያ ሆኗል። በጥቅምት የሚመጣው ተማሪ የዛሬ ዓመት ሌላው የፈለገውን ያንኑ ቁጥር ለማግኘት ከዚያው ቢሮ ደጃፍ እንደገና ይሰለፋል።

ይህንን የምጽፈው ከሌላው ጓደኛዬ ይልቅ ጠንቃቃ ስለ ሆንኩ አይደለም። ነገሩ የገባኝ ከተዋረድኩ በኋላ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት አራት ሆነን ለእንጀራ መጋገሪያ ስለሚፈጀው ማገዶ አንድ አነስተኛ ጥናት ጀምረን ነበር። አንዲት እናት (እኛ «እማማ» እንላቸው ነበር) ቤታቸውን ከፈቱልን። በፊታችን 30 እንጀራ በሦስት ጉልቻ ላይ፣ በማግስቱም 30 እንጀራ ሲሚንቶ ተቀላቅሎ በሚሠራው በምርት ምድጃ ጋገሩልን። ጭሱ ሲያስለቅሳቸው እያየን እኛ በደብተራችን እንጽፍ ነበር። ወደ ዶርም ተመልሰን ደብተራችንን ስንከፍት ያገኘነው ቃል እንዲህ የሚል ነው፤ «በጉልቻ 3 እስር፤ በምርት ምድጃ 2 እስር አልሞላም።»

አንድ እስር ስንት ኪሎ ነው? ከአራታችን የሚያውቅ አልነበረም። እንጨቱ ደረቅ ነበር ወይስ እርጥብ? ወሩ ነሐሴ ስለ ነበረ እርጥብ ሳይሆን አይቀርም፤ ነገር ግን የጻፈው የለም። አንደኛው ደብተር «ባሕር ዛፍ» ይላል፣ ሁለተኛው «ጽድ» ይላል፣ ሁለቱ ዝም ብለዋል። የጥናታችን አጥንት የነበረው ማነጻጸሪያ በዚህ ምክንያት ከጽሑፉ ወጣ። መምህራችን የነገሩንን ትችት እዚህ መድገም አያስፈልግም። ይበልጥ የከበደን ግን እኒያ እናት ሁለት ቀን ሙሉ የደከሙልንን እኛ በእጃችን ማጥፋታችን ነው።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ የደረስኩበት አሳብ አንድ ነው። ማስታወሻ ማለት ጸሐፊው ራሱ በሌለበት ሌላ ሰው አንሥቶ ሊሠራበት የሚችል ጽሑፍ ነው። ጸሐፊው አጠገቡ ቆሞ «ይህ ማለት እኮ...» እያለ ካላስረዳው የማይገባ ከሆነ የግል ምልክት እንጂ ማስታወሻ አይባልም። በተለይ የኃይል ነገር ሁሉ በቁጥር የሚነገር ስለ ሆነ፣ ቁጥሩ ምን እንደ ተለካበት፣ መቼ እንደ ተባለ፣ በምን ሁኔታ እንደ ተገኘና ማን እንደ ተናገረው አብሮ ካልተጻፈ ጥቅም አይሰጥም።

ከመለኪያው ልጀምር፤ ከሁሉ ይልቅ የምንሳሳተው በዚህ ነውና። በአማርኛችን «ኃይል» የሚለው ቃል ብዙ ጭነት ተሸክሟል። ማመንጫው በአንድ ጊዜ ሊያወጣ የሚችለውንም፣ በዓመት ውስጥ አውጥቶ ያጠራቀመውንም «ኃይል» እንለዋለን። እነዚህ ሁለት ነገሮች ግን አንድ ወፍጮ በሰዓት ስንት ኩንታል ለመፍጨት እንደሚችልና በዓመት ውስጥ ስንት ኩንታል እንደ ፈጨ የሚለያዩትን ያህል ይለያያሉ። እህል ካልመጣ ወፍጮው ቆሞ ይውላል። የነፋስ ተርባይንም ነፋስ ካልመጣ እንዲሁ ነው። የመጀመሪያው በሜጋዋት፣ ሁለተኛው በሜጋዋት ሰዓት ይለካል።

የአዳማ አንደኛው የነፋስ ማመንጫ 51 ሜጋዋት ነው። ዓመቱን ሙሉ፣ ማለት 8,760 ሰዓት፣ ሳያቋርጥ በሙሉ አቅሙ ቢሠራ 446,760 ሜጋዋት ሰዓት በሰጠ ነበር። ነፋስ ግን እንደዚህ ያለ ታማኝ ሠራተኛ አይደለም። ከዚህ አንድ ሦስተኛውን ቢሰጥ ለነፋስ ማመንጫ ደኅና ነው ይባላል፤ ይኸውም 149,000 ሜጋዋት ሰዓት ገደማ ማለት ነው። «አዳማ፣ 51» ብሎ የጻፈ ተማሪ ከሦስት ወር በኋላ የትኛውን እንዳለ ራሱም አያውቀውም። ስለዚህ በካርዱ ላይ የመለኪያው ስም በሙሉ ፊደል ይጻፍ። ሁለት ሴኮንድ ቢወስድ ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ጠቃሚ ልማድ አለ። ድምሩን ብቻ ሳይሆን ድምሩ የተገኘበትንም መጻፍ ነው። አዳማ አንደኛው እያንዳንዳቸው 1.5 ሜጋዋት የሆኑ 34 ተርባይኖች አሉት፤ ቢያባዙት 51 ይመጣል። ሁለተኛው 102 ተርባይኖች ስላሉት 153 ይሆናል። መቀሌ አጠገብ ያለው አሸጎዳ ባለ 1 ሜጋዋት 30፣ ባለ 1.67 ሜጋዋት ደግሞ 54 ተርባይኖች ያሉት ስለ ሆነ 120 ይሞላል። ጊቤ ሦስተኛው 10 ተርባይን በ187 ሲባዛ 1,870 ነው። አንድ ጓደኛዬ አዳማ ሁለተኛን «135» ብሎ ጽፎት በሦስት ገጽ ላይ ስሌት ሠርቶበት ነበር። 102 የሚለውን በጎኑ ስለ ጻፈው ብቻ ስሕተቱ ተገኘ። ቁጥሮቹ ቦታ ተለዋውጠው ነበር።

አሉቶ ላንጋኖ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለው። አንዱ ጽሑፍ 8.5 ሜጋዋት፣ ሌላው 7.3 ሜጋዋት ይለዋል። አንባቢው ከሁለቱ አንዱ ዋሽቷል ብሎ ያስባል። ዳሩ ግን ማመንጫው ለራሱ ፓምፕና ማቀዝቀዣ ከሚያወጣው ላይ ይበላል። የመጀመሪያው ጠቅላላው፣ ሁለተኛው ለሌላ የሚተርፈው ነው። ጉድጓዶቹ የተቆፈሩት እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 1985 ሲሆን ማመንጫው ሥራ የጀመረው በ1998 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ቆሞ እንደገና መጠገን አስፈልጎታል። አቅሙን ብቻ የገለበጠ ተማሪ ይህንን የቆመበትን ጊዜ አያውቀውም። የእንፋሎት ኃይል በጽሑፍ ላይ ቀላል፣ በጉድጓዱ አፍ ላይ ግን አስቸጋሪ መሆኑን የሚያስተምረው ደግሞ ይኸው የቆመበት ጊዜ ነው።

ወደ ዘመን አቆጣጠር ልምጣ። ሁለት የዘመን አቆጣጠር ያለን ሕዝብ ስለ ሆንን ብዙ የውጭ አገር ተማሪ የማያውቀው ችግር አለብን። የአሸጎዳ ማመንጫ የተመረቀው በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓውያን 2013። አዳማ ሁለተኛው በግንቦት 2007 ተመረቀ፤ በአውሮፓውያን 2015። ልብ በሉ፣ በመጀመሪያው ልዩነቱ 7፣ በሁለተኛው 8 ነው። ከመስከረም 1 ቀን እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን ገደማ ሰባት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ስምንት ይቀነሳል። ይህንን የዘነጋ ሰው አንዱን ዓመት በአንዱ ደብተር ላይ ሁለት ያደርገዋል። «2007» የሚል ካርድና «2015» የሚል ካርድ አጠገብ ለአጠገብ አይቶ «ግንባታው ስምንት ዓመት ዘገየ» የሚል ድምዳሜ የጻፈ ተማሪ አውቃለሁ። በዚያ ላይ የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ስለሚጀምር፣ ከዓመታዊ ዘገባ የተቀዳ ቁጥር ከሁለት የአውሮፓ ዓመታት ላይ ይቆማል። መድኃኒቱ አጭር ነው። «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ሳይጻፍ ዓመት አይጻፍ፤ ወሩ ከታወቀም ወሩ ይጨመር።

የጥንት ጸሐፊዎቻችን በዚህ ይበልጡናል። ብራና ጽፈው ሲጨርሱ በማን መንግሥት፣ በስንት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማቴዎስ ወይም በዘመነ ሉቃስ እንደ ተፈጸመ በመጨረሻው ገጽ የሚያኖሩ ብዙዎች ነበሩ። ወንጌላዊው ከዓመቱ ጋር ካልተስማማ ስሕተት እንዳለ ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ የሚመጣ ሰው ያውቃል። እኛ ከትናንት ወዲያ የጻፍነውን መለየት አቅቶናል።

ቀን መጻፍ ለምን እንደሚያስፈልግ ከታላቁ የሕዳሴ ግድብ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። መሠረቱ በመጋቢት 2003 ዓ.ም. ሲጣል 5,250 ሜጋዋት ተባለ፤ ይኸውም 15 ተርባይን በ350 ነው። ቆየት ብሎ 6,000 ሆነ፤ 16 በ375። ከዚያም 6,450 ተባለ። በኋላ የተርባይኖቹ ቁጥር ወደ 13 ዝቅ ብሎ ግድቡ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ አቅሙ 5,150 ሜጋዋት ነው። አራቱም ቁጥሮች በተጻፉበት ቀን ትክክል ነበሩ። ቀን የሌላቸው አራት ካርዶች ቢሆኑ ግን እርስ በርሳቸው ይጣላሉ፤ ቀን ካላቸው የዲዛይኑን ታሪክ በተራ ይነግሩናል። ስለዚህ አሮጌውን ቁጥር መሰረዝ አይገባም፤ አዲሱ በአዲስ ካርድ ተጽፎ ከኋላው ይሰካ።

የብርም ነገር እንዲሁ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። የምንዛሪው ሥርዓት ከተለወጠ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። የሶላር ሰሌዳና ባትሪ ከውጭ የሚመጡ ስለ ሆኑ፣ «አንድ የቤት ሶላር ይህን ያህል ብር» የሚል ካርድ ወሩ ካልተጻፈበት ከቆሎው መጠቅለያ አይሻልም።

አሁን ሁኔታ ወደምለው ልለፍ። ከነፋስ ልነሣ። የነፋስ ጉልበት ከፍጥነቱ ጋር በሦስተኛ ደረጃ ያድጋል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በፍጥነቱ ላይ ትንሽ የተሳሳተ ሰው በጉልበቱ ላይ እጅግ ይሳሳታል። የአየር ጠባይ ጣቢያ ነፋስን የሚለካው በ10 ሜትር ከፍታ፣ ለእርሻ የቆመ ጣቢያ ከሆነም በ2 ሜትር ነው። ተርባይኑ ግን ብዙ አሥር ሜትር ወደ ላይ ይቆማል፤ ከላይ ነፋሱ ይበረታል። ከፍታው ያልተጻፈበት የነፋስ ፍጥነት እንግዲህ ለምንም አይሆንም። ደግሞም የምንኖረው በደጋ ነው። በ2,000 ሜትር ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፉ ይልቅ አንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ፣ ከውጭ አገር መጽሐፍ የተቀዳ ሠንጠረዥ እዚህ ሲደርስ መስተካከል ይኖርበታል። በካርዱ ጥግ «ከባሕር ወለል የተሰላ» ብሎ መጻፍ ከብዙ ኀፍረት ያድናል።

ማገዶም እንዲሁ ሁኔታ አለው። በአየር የደረቀ እንጨት በኪሎ 15 ሜጋጁል ገደማ ሙቀት ይሰጣል። አዲስ የተቆረጠ፣ ግማሽ ክብደቱ ውሃ የሆነ እንጨት ግን የዚህን ግማሽ ያህል ነው የሚሰጠው፤ ከሙቀቱም ከፊሉ ውሃውን ለማትነን ይጠፋል። አንዳንዶች ማገዶ እንደ «አማራጭ ኃይል» መቈጠር የለበትም ይላሉ። በበኩሌ አልስማማም። በአገራችን ከሚፈጀው ኃይል ከአሥሩ ዘጠኙ እጅ ገደማ አሁንም እንጨት፣ ከሰል፣ ኩበትና የእህል አገዳ ነው። ስለ ተርባይን ሁለት መቶ ካርድ ይዞ ስለ ኩበት አንድ ካርድ የሌለው ሰው ስለ ሌላ አገር እያጠና ነው።

ይህ ወደ አደራደሩ ያመጣኛል። እኔ ስጀምር አምስት ትልልቅ ፖስታዎች አዘጋጅቼ በላያቸው ላይ ውሃ፣ ነፋስ፣ ፀሐይ፣ እንፋሎት፣ ማገዶ ብዬ ጻፍኩ። ንጹሕና የሚያምር ነበር። ከዚያ አንድ ቀን በአገራችን ግድቦቹ በሚጎድሉበት በበጋ ነፋሱ እንደሚበረታ አነበብኩ። አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል ማለት ነው። ይህንን ካርድ የት ልክተተው? ከውሃው ፖስታ ብከተው ነፋስ የሚያጠናው አያገኘውም፤ ከነፋሱም ብከተው እንዲሁ። በእጄ ካሉት ማስታወሻዎች ሁሉ የላቀው ካርድ ማደሪያ አጣ። ያን ጊዜ ጉድለቱ በካርዱ ሳይሆን በፖስታዎቹ መሆኑ ገባኝ። በምንጩ ስም የተደራጀ ማስታወሻ ምንጮቹን እርስ በርስ እንዳይነጋገሩ ይለያያቸዋል።

ስለዚህ ፖስታዎቹን በጥያቄ ለወጥኳቸው። ምን ያህል አለ? በስንት ይገኛል? መቼ ይጎድላል? ማን ይጠቀምበታል? ምን ያበላሸዋል? የግድቡና የነፋሱ ካርድ «መቼ ይጎድላል» ከሚለው ገባ። ፀሐይ ማታ እንደምትጠልቅ፣ አብዛኛው ሰውም መብራት የሚፈልገው ማታ እንደ ሆነ የሚናገረው ካርድ አጠገቡ ተቀመጠ። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳይ ስለ ባትሪና ስለ ግድብ ውሃ ማቆየት አንድ ምዕራፍ ወጣልኝ። ፖስታዎቹ ባይለወጡ ኖሮ አይወጣም ነበር። የምንጩን ስም በካርዱ በስተቀኝ ራስ ላይ ማኖር ይበቃል፤ ለሚፈልገው ይታየዋል። «ምን ያበላሸዋል» የሚለው ፖስታ አሁን ከሁሉ ይልቅ ወፍራሙ ነው። ባትሪው የሞተበት የገጠር ሶላር፣ ኩበት የሚጨምርበት ሰው አጥቶ የተዘጋ የባዮጋዝ ጉድጓድ፣ ይህ ሁሉ በታተሙት ዘገባዎች ውስጥ እምብዛም አይገኝም። የሚገኘው ተማሪ በእግሩ ሄዶ ካየው ብቻ ነው።

በስልክ የተነሡ የገጽ ፎቶግራፎችን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። እኔም ከ600 በላይ ነበሩኝ። ያነበብኳቸው ግን ሠላሳ አይሞሉም። ፎቶግራፍ ማንሣት ያነበብን ይመስለናል። ገጹን በራስ ቃል በአራት መስመር መጻፍ ግን ገብቶን እንደ ሆነ ወዲያው ይገልጣል። በኮምፒዩተር የሚይዝም ይያዝ፤ ሕጉ አንድ ነው። የመጽሐፉን ቃል በትእምርተ ጥቅስ፣ የራሱን አሳብ ደግሞ በሌላ ምልክት ይለይ። ያለዚያ ከስድስት ወር በኋላ የሌላውን ሰው አሳብ እንደ ራሱ አድርጎ ያቀርባል፤ ሳያውቅ የሰረቀ ሰው ደግሞ ማስተባበያ የለውም።

ስለ ማኅበራችን አንድ አሳብ አቅርቤ ላብቃ። በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አንድ ባዶ ባለ መሳቢያ ቁም ሳጥን አለ። ማንኛውም ተማሪ ጥናቱን ሲጨርስ ደብተሩን በሙሉ ሳይሆን ከውስጡ የመረጣቸውን ሃያ ወይም ሠላሳ ካርዶች ከላይ እንደ ተነገረው አስተካክሎ ቢያኖርበት፣ በሦስት ዓመት ውስጥ በከተማው የትም የማይገኝ ክምችት ይኖረናል። ይህንን በስብሰባ ላይ ሳነሣ ሁለት ተቃውሞ ገጠመኝ። አንደኛው «እኔ ፀሐይ እየመታኝ የለካሁትን ሌላው በጥላ ተቀምጦ ለምን ማርክ ያግኝበት?» የሚል ነው። ንዴቱ ይገባኛል። ካርዱ የለካውን ሰው ስም ይያዝ፤ የተጠቀመበትም ስሙን በጽሑፉ ያንሣ፤ ይህንን ያልፈጸመ መሳቢያው ይዘጋበት። ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል። ቤታቸውን የከፈቱልን ሰዎች ስማቸውና ኑሯቸው በመሳቢያ ተቀምጦ ማንም እንዲያነበው አልፈቀዱም። እውነት ነው። የቤተሰብ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ስልክ በካርድ ላይ አይገባም። ቀበሌና ወር ይበቃል። ይህን ያስተማረችኝ በስብሰባው ላይ ከኋላ ወንበር የተነሣች የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት፤ እኔ ራሴ አላሰብኩትም ነበር።

ባለፈው ጥር ከቡና ነጋዴ አንድ የሚንጠለጠል ሚዛን ተውሰን ወደ እማማ ቤት ተመለስን። ደጃፉ ላይ ቆመን ማን እንደሚናገር ተፈራራን። እማማ ነገሩን ሰምተው ሚዛኑን አዩና «ልጆቼ፣ ያን ጊዜ ታዲያ ምን ስትጽፉ ነበር?» አሉ። ከዚያ በኋላ ግን ምጣዳቸውን ሊያሰሱ ተነሡ። በሁለቱም ቀን 30፣ 30 እንጀራ ተጋገረ። እንጨቱ ከመንደዱ በፊትም፣ የተረፈውም ተመዘነ። ባሕር ዛፍ፣ ተፈልጦ ሦስት ሳምንት ፀሐይ ላይ የሰነበተ፤ ጥር 2017 ዓ.ም.፤ ሚዛኑ በ5 ኪሎ ስኳር ተፈትኗል። ካርዱ በሁለተኛው መሳቢያ «ማን ይጠቀምበታል» ከሚለው ክፍል ከፊት ሦስተኛው ነው።